ቁልፉ ማን ዘንድ ይቀመጥ? የአዲስ አበባ አርመኖች ቤተ ክርስቲያንና የእኛ ሳጥን

  

ባለፈው ወር በ21 የማርያም ማኅበራችንን ስንጠጣ ያልጠበቅነው ነገር ተነሣ። የማኅበራችንን ሳጥን አሥራ አራት ዓመት በቤቷ ያስቀመጠችልን ታላቃችን የካናዳ ወረቀቷ እንዳለቀላት ነገረችን። ልጆቿ እዚያ ናቸው። ደስ ብሎናል፣ እልልም ብለናል። እልልታው ሲያበቃ ግን የሁላችንም ዓይን ሳጥኑ ላይ አረፈ።

ሳጥኑ ተራ የቆርቆሮ ሳጥን ነው። ውስጡ የእመቤታችን ስዕለ አድኅኖ፣ የስዕሉ መጋረጃ፣ ጽዋው፣ የመሶቡ ልብስ፣ የዕጣን ማጨሻ፣ ጧፍና የስም ደብተር አለ። በወር አንድ ቀን ዕቃው ሲወጣ የዚያች ክፍል አንዱ ጥግ ጸሎት ቤት ይሆናል። ለቅዳሴማ እዚሁ ከተማ ቅዱስ ገብርኤል አለልን፣ ማናችንም ከዚያ አልቀረንም። ይቺ ጥግ ግን የእኛ የነጋዴዎቹ ናት። ጭነት ጋላፊ ላይ ቆሞ ሽንኩርቱ ሲበሰብስ፣ ዱቤ የወሰደው ሰው ስልኩን ሲዘጋ፣ ከሀገር ቤት መርዶ ሲመጣ የተቀመጥንባት ጥግ ናት።

“ማን ይውሰደው?” ሲባል ዝም ተባለ። አንዷ የምትኖረው በጋራ ክፍል ነው። የአንዷ ባል በዓመት ሁለቴ ቤት ይቀይራል። አንዷ ደግሞ ከወር ሃያውን ቀን ድሬዳዋ ናት። “ለቤተ ክርስቲያን እናስረክበውና ይብቃን” ያለችም ነበረች። “እሱ ማለት ማኅበሩ ፈረሰ ማለት ነው” ብላ ሌላዋ ተቆጣች። በዚህ መሐል ነው ልጅነቷን አዲስ አበባ ፒያሳ ያሳለፈች እህታችን “አርመኖቹስ እንዴት አድርገው ነው የያዙት?” ብላ የጠየቀችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩን ስናጠያይቅና ስናነብ ከረምን። ያገኘነውን ለእናንተም ማካፈል ፈለግን፤ ምክንያቱም የእነዚያ ሰዎች ታሪክ የነጋዴ ታሪክ ነው፣ የተጓዙበት መንገድም እኛ በየሳምንቱ የምንመላለስበት ነው።

አርመንና ኢትዮጵያ የተዋወቁት ባቡርም መርከብም ሳይኖር ነው። ንግሥት እሌኒ በ1500ዎቹ መጀመሪያ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ የላኩት መልእክተኛ ማቴዎስ የሚባል አርመናዊ ነበር። በሕንድ በኩል ዞሮ እ.ኤ.አ. በ1514 ሊዝበን ገባ፣ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ሲመለስም እ.ኤ.አ. በ1520 ደብረ ቢዘን ላይ አረፈ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ደግሞ ኮጃ ሙራድ የሚባል አርመናዊ ነጋዴ ከጎንደር ነገሥታት ደብዳቤና ገጸ በረከት ይዞ ዛሬ ጃካርታ እስከምትባለው ባታቪያ ድረስ ተመላልሷል። ነገሥታቱ ነጋዴ የመረጡት ያለ ምክንያት አይመስለንም። ነጋዴ ቋንቋ ያውቃል፣ መንገድ ያውቃል፣ ከጉምሩክ ሰው ጋርም መነጋገር ይችላል።

በብዛት የመጡት ግን በአፄ ምኒልክ ጊዜና ከዚያ ወዲህ ነው። በኦቶማን ቱርክ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ አጋማሽ፣ ከዚያም ከ1915 ጀምሮ በአርመኖች ላይ እልቂት ወረደ፤ የተረፈው በየሀገሩ ተበተነ። በዚያው ዘመን ይህቺ የእኛ ከተማ ገና መቆርቆሯ ነበር። ፈረንሳዮች ጅቡቲን የመሠረቷት እ.ኤ.አ. በ1888 ነው። የባቡር ሐዲዱ ሥራ በ1897 ከዚህ ተነሥቶ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። አርመኑም ግሪኩም የመኑም ሕንዱም ጨርቁን፣ ትምባሆውን፣ የስፌት መኪናውን ይዞ በዚሁ መስመር ወደ ላይ ወጣ። ማቲግ ኬቮርኮፍ የሚባለው በትምባሆ ንግድ የከበረ አርመናዊ ጅቡቲም ላይ ነግዷል። በአዲስ አበባ ያለው የአርመኖች ትምህርት ቤት የሚጠራው በእሱ ስም ነው።

ስማቸውን የምታውቋቸውም አሉ። በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን ያስደነቀውን ያንን በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ መዳመጫ፣ “የሰርኪስ ባቡር” የተባለውን፣ ያመጣው ሰርኪስ ተርዚያን አርመናዊ ነው። የቤተ መንግሥቱ ፎቶ አንሺ በድሮስ ቦያጂያንና ሙያውን የወረሱት ልጆቹም እንዲሁ። ቆዳ ፋቂው፣ ጫማ ሰፊው፣ ወርቅ ሠሪው፣ ልብስ ሰፊው ብዙ ነበር። ሰፈራቸው አራዳ አካባቢ ሆነ፤ አዲስ አበቤ እስከ ዛሬ አርመን ሰፈር ይለዋል።

አርባዎቹን ልጆችማ ማን ይረሳል? ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ኢየሩሳሌም ሲደርሱ በአርመን ገዳም የተጠለሉ፣ ወላጆቻቸውን በእልቂቱ ያጡ ልጆች ሙዚቃ ሲጫወቱ አዩ። አርባውን ልጆች ወደ ኢትዮጵያ ለማምጣት ከአርመን ፓትርያርክ ጋር ተስማሙ። ልጆቹ በዚያው ዓመት መስከረም መግቢያ ላይ አዲስ አበባ ገቡ። በጊዜው ከባሕር ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው ሐዲድ የሚነሣው ከዚሁ ከጅቡቲ ነበርና፣ እነዚያ ወላጅ አልባ ልጆች በዚህ ሙቀት ውስጥ ሲያልፉ ምን ተሰምቷቸው ይሆን እያልን ተነጋግረናል። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው ሰው ነው። የወንድሙ ልጅ ነርሲስም ከዚያ በኋላ መጥቶ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤት ስንቱን ሙዚቀኛ አስተማረ። ይህን ቤተሰብ ስሙን ያዙልን፣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እንምጣ።

መጀመሪያ የገረመን ነገር፣ አርመኖች የራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ባይኖራቸውም ጸሎት አይቸግራቸውም ነበር። የአርመን ሐዋርያዊት ቤተ ክርስቲያንና የእኛዋ ተዋሕዶ እኅትማማች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ451 የተደረገውን የኬልቄዶን ጉባኤ ሁለቱም አልተቀበሉም። ስለዚህ አርመን በእኛ ቤተ ክርስቲያን ቢያስቀድስ፣ ቢቆርብ እንግዳ አይደለም። ታዲያ ለምን ገንዘባቸውን አውጥተው ሌላ ሠሩ?

እኛ የገባን እንዲህ ነው። ቅዳሴያቸው በጥንቱ አርመንኛ ነው፤ ለእነሱ እንደ እኛ ግዕዝ ማለት ነው። ልደትን የሚያከብሩት ከጥምቀት ጋር አንድ ላይ፣ የእኛ ገና ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ልጅ የሚያስጠምቁበት፣ የሚያጋቡበት፣ የሞተውን የሚሸኙበት ቃል አለ። መንደራቸውም፣ የአያቶቻቸው ቤተ ክርስቲያንም፣ መቃብሩም ጠፍቶባቸው ለመጡ ሰዎች ያ ቃል የቀረላቸው ርስት ነው። ሱቅ ቢዘጋ ሌላ ይከፈታል። ያንን ቃል ግን በሌላ ሰው ቤት እየተዋሱ ለልጅ ማውረስ ከባድ ነው። እኛም ልጆቻችን በፈረንሳይኛ እየተማሩ፣ በሶማልኛ እየተጫወቱ፣ አማርኛውን ከቡና ጋር ብቻ ሲሰሙ ይህ ነገር ይገባናል።

የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው። በአርመንኛ ሱርፕ ኬቮርክ ይሉታል፤ ኬቮርክ ማለት ጊዮርጊስ ነው። ወጪውን የቻለው ሚህራን ሙራዲያን የሚባል ነጋዴ ነበር። ትንሽ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ናት። ከፒያሳው ትልቁ ቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር ስሟ አንድ ስለሆነ እንዳታምታቱት፤ ያኛው የምኒልክ ነው።

ጊዜው ግን ጥሩ አልነበረም። ብዙ ሳይቆይ ጣሊያን ወረረ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 1936 ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደዚህ ወደ ጅቡቲ ወርደው በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፈሩ። ጣሊያን እስኪገባ በነበሩት ሁለት ሦስት ቀናት አዲስ አበባ ባለቤት አጣች። ፒያሳ አካባቢ ሱቅ ተዘረፈ፣ ተቃጠለ። ነጋዴ የሆነ ሰው ይህን ሲያነብ ሆዱ ይባባል። የዕድሜ ልክ ዕቃ በአንድ ሌሊት አመድ ይሆናል። ቤተ ክርስቲያኗ ተረፈች።

ከነፃነት በኋላ ያለው ሠላሳ ዓመት የደህናው ጊዜያቸው ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ቁጥራቸው ወደ 1,200 ደርሶ እንደነበር ይነገራል። ለአንድ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን በቂ ሕዝብ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 1965 ደግሞ አፄ ኃይለ ሥላሴ የእኅት አብያተ ክርስቲያናትን መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ሲሰበስቡ የአርመኖቹ ካቶሊኮስ ቀዳማዊ ቫዝገን ከመጡት አንዱ ነበሩ። ከስደት የመጡ ሱቅ ነጋዴዎች የሃይማኖታቸውን ትልቅ አባት በሰው ሀገር እንደዚያ በክብር ሲቀበሉ ምን ያህል ቀና ብለው እንደሄዱ መገመት አያቅትም።

ከዚያ 1967 መጣ፣ በእኛ አቆጣጠር። ደርግ ትልልቅ ድርጅቶችን ወረሰ። በሐምሌ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ነው አለ። የብዙ አርመን ቤተሰብ ኑሮ በሱቅ፣ በፋብሪካና በኪራይ ላይ የቆመ ነበር። አንድ በአንድ ሄዱ፤ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ አውሮፓ። ካናዳ ስንል እንደገና የእኛዋ ታላቅ ትዝ አለችን።

ዛሬ በአዲስ አበባ የቀሩት ከመቶ እንደማይበልጡ ነው የሚነገረው። ብዙዎቹም ከኢትዮጵያውያን ጋር ተጋብተው ተዋልደዋል። ቤተ ክርስቲያኗ ግን አልተዘጋችም። ቋሚ ቄስ በሌለበት ዘመን ደጁን ሲከፍት፣ ጸሎቱን ሲመራ የኖረው ከዚያው ከናልባንዲያን ቤተሰብ የወጣ ዲያቆን ነው። አንብባችሁ እንዳታልፉት፣ ቆም በሉበት። ዲያቆን ብቻውን ቅዳሴ አይቀድስም፤ ቁርባን የለም። የሚቻለው ጸሎት፣ ዝማሬ፣ ንባብ ነው። ሰው በጣም ጥቂት በሆነበት እሑድም ያችው ጸሎት ትደረሳለች። እኛ በ21 ቀን አምስት ሰው ብቻ ሲመጣ “ለዚህስ ምን አደከመን” የምንል ሰዎች አፍረናል።

ከመካከላችን የንግድ ትምህርት የተማርን አለንና ነገሩን በሒሳብ ዓይንም አየነው። ሙራዲያን የሠራው ሕንፃውን ነው። ሕንፃ አንድ ጊዜ ወጪ ወጥቶበት ያልቃል። የሚገለው የየወሩ ነው፤ ጣሪያው፣ ዘበኛው፣ መብራቱ፣ ሻማው። ይህን የሚችል ሕዝብ ሲሄድ ሕንፃው ብቻውን ይቀራል። አርመኖቹን ያቆያቸው፣ በእኛ ግምት፣ ቤተ ክርስቲያኗን ብቻዋን አለመተዋቸው ነው። አጠገቧ ትምህርት ቤት አለ፤ የአርመን ልጆች ሲያልቁ ኢትዮጵያውያን ልጆች ገብተው ይማሩበታል። አራራት የሚባል ክበብ አላቸው፤ ምግብ ቤቱ ለውጭ ሰውም ክፍት ነው፣ ፒያሳ የሚያውቅ ሰው የአርመን ክበብ ቢሉት ያሳያችኋል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ለመገናኘት ምክንያት አይጠፋም። እሑድ ለጸሎት ያልመጣ ቅዳሜ ለእራት ይመጣል፣ ስለ ጣሪያው ማፍሰስም እዚያው ይሰማል።

በዚህ ላይ ተከራክረናል። አንዷ “እነሱ ሀብታም ነበሩ፣ እኛ ፍራንክ ቆጣሪ ነን፣ ምን ያገናኘናል” አለች። እውነቷን ነው፣ ሙራዲያን የለንም። ነገር ግን ሀብታሞቹ የሄዱት ቀድመው ነው። የቀሩት መካከለኞቹና ሙያተኞቹ ናቸው፤ ቁልፉም የቀረው በእነሱ እጅ ነው። በሌላ በኩል እዚሁ ጅቡቲ ያለውን የካቶሊኮች ካቴድራል እዩት። እ.ኤ.አ. በ1964 ተመረቀ፣ ከጀርባው በ1955 የተቋቋመ ሀገረ ስብከት አለ፣ ሚሲዮን አለ። እንደዚያ ያለ ቤት ምእመን ቢያንስበት እንኳ የሚረከበው አለ። የቤተሰብ ጸሎት ቤት ግን ከቤተሰቡ በቀር ማንም የለውም። ለዚህ ነው ቁልፉ ማን ዘንድ ይቀመጥ የሚለው ትንሽ ጥያቄ ያልሆነው።

ወደ ሳጥናችን እንመለስ። በዚህ ወር በ21 እንደገና ተሰበሰብን፣ በታላቃችን ቤት ለመጨረሻ ጊዜ። ለቤተ ክርስቲያን እናስረክብ ያለችው እህታችን ሐሳቧን አልለወጠችም፣ አላስገደድናትም። የቀረነው ግን ሳጥኑ ይቆይ አልን።

የወሰንነው ይህን ነው። ሳጥኑ ቤት በማይቀያየር ሰው ዘንድ ይቀመጣል፤ የቡና ቤት ያላት እህታችን ተቀበለች፣ ኋላ ክፍሏ ባዶ ነው። ቁልፉ ሁለት ይሆናል፣ ሁለተኛው ሌላ ሰፈር ባልባላ ላለችው ይሰጣል። የስም ደብተሩ ተገልብጦ ሌላ ቦታ ይቀመጣል፤ ከመጀመሪያዎቹ ስሞች ግማሾቹ እዚህ የሉም፣ ሦስቱ በሕይወትም የሉም፣ ቢጠፋብን ማን ያስታውሳቸዋል? ከዕቁቡ ያልተደባለቀ ትንሽ የወር መዋጮም ይኖራል፣ ለጧፍና ለዕጣን፣ ቤት ለሚቸግራትም። በዕቁብ ገንዘብ ጧፍ መግዛት ያመጣብንን ጠብ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ልጆቹንም ነገር አነሣን። አንዷ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃችን ጸሎቱን በግዕዝ ሲነበብ አልሰማውም ብላ ስልኳን ስትነካካ ነበር የምትውለው። ከእንግዲህ የስም ደብተሩን የምትጽፈው እሷ ትሁን አልን። በአማርኛም በፈረንሳይኛም እየጻፈች ነው። ሁለት ስም ተሳስታለች፣ አርመናታል።

ስንነሣ ታላቃችን ቁልፉን ከነጨርቁ አወጣች። አሥራ አራት ዓመት በዚያች ጨርቅ ቋጥራ ነው ያኖረችው። ለቡና ቤቷ ባለቤት ሰጠቻት፣ አንዳቸውም ምንም አልተናገሩም። ሳጥኑን ሁለት ልጆች ተሸክመው ታክሲ ላይ ጫኑት። ሾፌሩ ምን እንደሆነ ጠየቀ፣ “ዕቃ ነው” አልነው፣ አምስት መቶ ፍራንክ ጨመረብን።

ጀበናዋን ግን አልሰጠችንም። ካናዳ ይዛው ትሄዳለች።